የጠፋችው ጊደር መንገድ

ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሉሊት፣ አርባ ምንጭ፣ ከሐይቁ ዳር።

እንደምን ከርመሻል? ከአዞውም ከወባውም ሚካኤል ይጠብቅሽ። እኛ ደኅና ነን። አክስትሽ ገላነሽ ደኅና ናት፣ ጉልበቴም ደኅና ነው፤ ጆሮዬ ግን ከድቶኛል። «ስልኩን ለምን አያነሡም?» ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። ሲጮህ አልሰማውም፤ ባነሣውም አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ «እህ? እህ?» እላለሁ፣ ሂሳቡ ያልቃል። ዓይኔና የቄስ ትምህርቴ ገና አልከዱኝምና ጻፊልኝ። አርባ ምንጭ የሚመላለሰው የአውቶቡስ ሹፌር ታደለ ወረታ መገናኛው ላይ ሲቆም ወረቀት ተቀብሎ ማድረስ አይሰለቸውም።

«ምን ተሰብስባችሁ ነው የተሳቀው?» ብለሻል። ወሬው እኔን ቀድሞ አርባ ምንጭ መግባቱ ገረመኝ። ስብሰባው የተጀመረው፣ የተሳቀውም በጥቅምት ነው፤ ፍርድ የተሰጠው ትላንት፣ በሚካኤል ንግሥ ነው። አገሩ ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ስለዚያ ስለ ጣና ዳሩ ሜዳ ተከራከረ። ታስታውሽዋለሽ፤ እምቦጩን ከውኃው እየነቀልን የቆለልንበት ረዥም ዳርቻ። እምቦጩ ደርቆ ተቃጠለ፣ የሰው እግር የደለደለው መሄጃ ግን ቀረ። ማናዬ «ዕጣ ተጥሎ እንከፋፈለው፤ ሩዝ እንዝራበት» አለ። አይፈረድበትም፤ ወንዶች ልጆቹ ሁሉ አድገዋል፣ መሬቱ ግን አብሯቸው አላደገም። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብድግ አልሁና «ሉሊት አርባ ምንጭ ላይ ሰው እየመራች የምትሄድበት ዓይነት መንገድ ይሁን። ሰው ይራመድበት፣ ወፍ ይይበት፣ ይተንፍስበት» አልሁ።

ሳቁን እኔ እንኳ ሰማሁት። ማናዬ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «አያ ገሰሰ፣ ሰው ያለ ጉዳይ ይሄዳል እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። ቄስ ደሞዝ ባይኖሩ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። እሳቸው «እስከ ትንሣኤ ይሞከር» ብለው ፈረዱ። እስከዚያ ድረስ ያለ ምንም ጉዳይ፣ ለመሄድ ብቻ ብሎ የሚሄድበት ሰው ከተገኘ መንገዱ ይቆማል። ካልተገኘ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ዕጣ ይጣልበታል።

አሁን ሆዴን ልንገርሽ። መንገዱን የፈለግሁት ለወፎቹ ብዬ ብቻ አይደለም። እኔና ገላነሽ አልወለድንም፤ እናትሽ ስታርፍ አንቺን እግዜር ሰጠን፣ አሳደግንሽ፣ ከዚያ ሥራ ወሰደሽ። መንገዱ ከቆመ መሪ ይፈልጋል፤ ይህን ሥራ የሚያውቅ ደግሞ በአገራችን አንቺ ብቻ ነሽ። እንድትመጪልን እፈልጋለሁ። መንገድ እንዴት እንደሚሠራ ጻፊልኝ፤ መቼ እንደምትመጪም ጻፊልኝ።

አጎትሽ ገሰሰ

———

አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለአያ ገሰሰ።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ «እግዜር ይይልሽ» ሲሉ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አዞዎቹ ሰላም ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ ዓሣውን ነው የሚወዱት።

በሁለተኛው ደብዳቤዎ «እውነት እነዚያ ሰዎች ጉዳይ የላቸውም?» ብለው ጠይቀውኛል። የላቸውም አያ! ትላንት አንዲት እናት ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር መጥታ ነበር። ጫካውን ተሻግረን ምንጩ ድረስ ሄድን፣ ቁጭ ብለው ማንጎ በሉ፣ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነከሩ፣ ተመለስን። «ምን ወደዱ?» አልኋት። «ማንም አልጠራኝም» አለችኝ። እኔም በዚህ ሥራ የምወደው ይህንኑ ነው፤ ሰው ሲመጣ ትከሻው ጆሮው ሥር ነው፣ ሲመለስ ወደ ቦታው ወርዶ አየዋለሁ።

ስለ አሠራሩ፦ መንገዱን ቀጥ አያድርጉት፤ ውኃው በታጠፈበት አብሮ ይታጠፍ። ወፎቹ ከሚያድሩበት ሸንበቆ ራቅ ይበል። ዳር ዳሩን ምልክት ይትከሉ፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ ጫፉ ነጭ ቀለም ይቀባ። እርጥብ እንጨት እንዳይተክሉ አደራ፤ ይጣመማል፣ ይበሰብሳል። ደከም ያለው ሰው የሚያርፍበት አንድ አግዳሚም ያስፈልጋል።

መቼ ትመጫለሽ ላሉኝ በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ።

ልጅዎ ሉሊት

———

ቁሐር ሚካኤል፣ ጥር 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለሉሊት።

እንኳን አብሮ ለልደት አደረሰን። «ወረቀቱ አለቀ» ካልሽበት መስመር በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነበር። ገላነሽ ማንበብ ባትችልም ባዶውን ስታየው «ይህ ደግሞ ምን ይላል?» አለችኝ። «ዝም ይላል» አልኋት።

ምልክቱን ጠይቀሻል። አትቆጪ። ባሕር ዛፉን ከወረታ እስክናመጣ ወጣቶቹ ቸኮሉና ከወንዙ ዳር አኻያ ቆርጠው መጡ። አኻያ ሲተከል እንደሚበቅል ሕፃንም ያውቀዋል፤ ከበቀለ ደግሞ አጥር ሆኖ ከብቱን መሄጃ ይከለክላል። ስለዚህ ብልሃት ፈጠርን፦ ጫፉን ወደ ታች፣ ግንዱን ወደ ላይ አድርገን ዘቅዝቀን ተከልነው። ተዘቅዝቆ የተተከለ አይበቅልም። ቀለሙን ግን እንዳልሽው ቀባነው። አግዳሚውም ተሠርቷል፤ ፊቱ ወደ ጣና ነው።

ችግሩ የሚቀመጥበት መጥፋቱ ነው። እስከ ገና ድረስ የተቀመጥሁበት እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ከሩቅ ያየኛል፣ ያዝንልኛል። «አያ ገሰሰ ምን ሆነው ነው እዚያ የሚውሉት?» እያሉ ገላነሽን ይጠይቋታል። እሷም «ጣናን ይጠብቃል፤ እንዳይሰረቅ» ትላቸዋለች። እኔ ግን ልጄ፣ የመጣ ካለ እያልሁ መንገዱን መንገዱን አያለሁ። ሰው ባይመጣስ? ማናዬ ሜዳውን በዓይኑ ሲለካው አይቼዋለሁ።

አጎትሽ ገሰሰ

———

አርባ ምንጭ፣ ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ገሰሰ።

አኻያ! ዘቅዝቃችሁ! ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነብላቸው አንዱ ከወንበር ሊወድቅ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?

በጥምቀት ማግስት የጻፉልኝ ግን አሳስቦኛል። ከገና ወዲህ በመንገዱ ላይ ያገኙት ሰው ሁሉ፣ ማናዬ እንኳ ሳይቀር፣ «ጊደር ጠፍታኝ ነው» እንደሚልዎት፣ አገሩ ላይ የከብት ሌባ ገብቷል ብለው እንደፈሩ፣ «እናንተ ዘንድስ ከብት ይጠፋል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። እዚህ የጠፋ የለም። አያ፣ እስኪ አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ጊደር የጠፋበት ሰው ይሮጣል። እነዚህ ሰዎች ይሮጣሉ ወይስ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት? የማናዬ ጊደር መልኳ ምን ዓይነት እንደሆነም ይጠይቁት። ይህን ሳያጣሩ ግን እባክዎ ለማንም እንዳይናገሩ።

መቼ እንደምመጣ ለጠየቁት፣ ሥራ በዝቶብኛል።

ልጅዎ ሉሊት

———

ቁሐር ሚካኤል፣ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለሉሊት።

«ለማንም እንዳይናገሩ» ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ለሁሉም ከተናገርሁ በኋላ ነው። ተቀመጭና አንብቢው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ «ወገኖቼ! የዚህ ሁሉ ሰው ጊደር ጠፍታ ዝም አይባልም፤ አፋልጉኝ ይባል!» አልሁ። እንደምታውቂው በእኛ አገር አፋልጉኝ ተብሎ ቤቱ የሚቀር ሰው ስሙ ይጠፋል። ጊደሯ ጠፋች ያለው ደግሞ «አልጠፋችም» ቢል ውሸታም ሊባል ነው። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ቄስ ደሞዝ ጢማቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ሌባ ፈርተው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቃቸውን ይዘው ኖሯል።

ወጣን። ወንዱ ዱላና ገመድ ይዞ፣ ሴቱ ነጠላውን አገልድሞ፣ ልጅ አዋቂው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጣና ሄደ። እኔ ፊት ፊት እየሄድሁ ሸንበቆውን በዱላ እገልጣለሁ። ዘወር ስል አንድም የሚገልጥ የለም! ሁሉም ቆሞ ውኃውን ያያል፤ ጊደሮቹ ጣና ውስጥ የገቡ ይመስል። ሽመላው ይወርዳል፣ ያቺ ዘውድ የደፋችው ባለ ረዥም እግር ወፍ ከባሏ ጋር ክንፏን ዘርግታ ትዘላለች። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ከሩቅ «ሠርግ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

ገላነሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ጊዜ እምቦጭ ስንነቅል እዚያው ቦታ ላይ ነበረች እኮ። «ጣናን ጎንበስ ብዬ እንጂ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ማናዬን ጠራችው፣ «ጊደርህ መልኳ ምንድን ነው?» አለችው። «ዳማ ናት» አለ። «በጥምቀት ጊዜ ቡሬ አላልኸኝም?» ስትለው ገመዱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። እሷም ሳቋን ለቀቀችው፦ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጄ፣ የሚሰርቅም የጠፋም የለም። ሰዉ መንገዱን ወዶታል፤ ያለ ጉዳይ ሄደ እንዳይባል ግን ጊደር ይፈልጋል።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ቄስ ደሞዝ የፈረዱት «ያለ ጉዳይ የሚሄድ» ብለው ነው። ጊደር ፍለጋ ደግሞ ጉዳይ ነው።

አጎትሽ ገሰሰ

———

አርባ ምንጭ፣ የካቲት 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ገሰሰ።

ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አይጠይቁኝ። የእትዬ ገላነሽን ጉልበት ይሳሙልኝ። እዚህም ለጓደኞቼ ነግሬያቸው፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ጫካው ስንወጣ «ጊደር ፍለጋ» ነው የምንባባለው።

በቁርጥ ስለጠየቁኝ ግን ከዚህ በላይ ልደብቅዎ አልችልም። ስሸሽ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እዚህ የቋሚነት ወረቀት ቀርቦልኛል፤ የመንገድ መሪዎቹ ኃላፊ ሊያደርጉኝ ይፈልጋሉ። መልሱን ከትንሣኤ በፊት ስጪ ተብያለሁ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። የእናንተም ናፍቆት አለ፤ እትዬ ቀና ብላ ጣናን ያየችበት ቀን እኔ እዚያ አልነበርሁም፣ ይህ ያንገበግበኛል። እምቢም እሺም ማለት አቅቶኛል። ምን ልበላቸው?

ልጅዎ ሉሊት

———

ቁሐር ሚካኤል፣ መጋቢት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለሉሊት።

ምን ልበላቸው ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልስ ሳልሰጥሽ የቆየሁት ተናድጄ አይደለም። ጾሙ ነው፣ ደግሞም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። መጀመሪያ «ነይ» ብዬ ጻፍሁ። ቀደድሁት። አሁን የምጽፈው ይህን ነው፦ ለእኔ ብለሽ አትምጪ። የሰው ልጅ በይሉኝታ የመጣ እንደሆነ ፊቱ ወደ ቤት፣ ልቡ ወደ መንገድ ነው። የወደድሽውን አድርጊ፤ ምርቃቴ አይለይሽም። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነው ብልሽ ግን እዋሻለሁ።

የመንገዱን ነገር ጠይቀሻል። ሠርካለም የምትባል የወረታ አስተማሪ ተማሪዎቿን ይዛ መጣች። ማናዬ «ትምህርት ጉዳይ ነው፤ አይቆጠርም» አለ። ከባሕር ዳር ወፍ የሚያዩ ሰዎች በሐሙሲት አድርገው መጡ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በመነጽር ሲያዩ ዋሉ። «ወፍ መቁጠር ሥራቸው ነው፤ አይቆጠርም» አለ። ጾሙ ሳይገባ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ መጥተው ነበር። «ሠርግ ከጉዳይም ጉዳይ ነው» አለ። እሱ ራሱ ይህን ሁሉ የሚያየው ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በየማታው መንገዱ ላይ ሆኖ ነው!

አሁን ደግሞ ልትስቂብኝ ነው። አኻያው በቀለ። ተዘቅዝቆ በቀለ! ከነጩ ቀለም ሥር ቅጠል አወጣ፤ ከሜዳው እስከ ውኃው ድረስ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ መስመር ነው። ከብቱን ይከለክላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ከብቱ ግን በመካከሉ እንደ ልቡ ያልፋል፣ ጀርባውን ያክበታል። ልጆቹ የሚጠሩበትን ስም ሰምተሻል? «የጊደር መንገድ» ብለውታል።

አጎትሽ ገሰሰ

———

አርባ ምንጭ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ገሰሰና ለእትዬ ገላነሽ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሳችሁ። ታደለ ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቶ ስለሚጠብቀኝ አጭር ነው። «መለስሽላቸው ወይ?» ላሉኝ፣ አዎን፣ መልሻለሁ። ምን ብዬ እንደመለስሁ ግን ስብሰባው እስኪያልፍ አልነግርዎም። አይከፉብኝ። በዋርካው ሥር ሲቆሙ ስለ መንገዱ ብቻ እንዲያስቡ ብዬ ነው።

ልጅዎ ሉሊት

———

ቁሐር ሚካኤል፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለሉሊት።

ክርስቶስ ተንሥአ! «ምን ተፈረደ?» የሚለው ወረቀትሽ ከስብሰባው እኩል ደረሰ። እንዳላንጠለጥልሽ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ መንገዱ ቆመ። አሁን አረፍ ብለሽ ስሚኝ።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሁሉም ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ለዕጣው ጠጠር ተለቅሞ በቆብ ውስጥ ተቀምጧል። ቄስ ደሞዝ ብድግ አሉና «ያለ ምንም ጉዳይ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ካለ ይነሣ» አሉ። እኔ ተነሣሁ፤ «አንተ አትቆጠርም፣ መንገዱ የራስህ ነው» ተባልሁ። ገላነሽ ተነሣች፤ «የሱ ሚስት ናት» ተባለች። ሌላው ሰው ሁሉ ጉልበቱን አቅፎ መሬት ያያል። ማን ተነሥቶ በአገሩ ፊት «ሥራ ፈትቼ ስንሸራሸር ነበር» ይላል? እኔ በልቤ «አለቀ» አልሁ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ያሰብሁት ሩዙን አልነበረም፤ አንቺን ነበር።

ቆቡ ወደ ማናዬ ቀረበ፤ መጀመሪያ ዕጣ የሚያነሣው እሱ ነበር። እጁን ሰደደ፣ መለሰው። ደግሞ ሰደደ፣ ደግሞ መለሰው። ከዚያ ያን ገመድ ከትከሻው አውርዶ እግሩ ሥር ጣለው።

«እኔ ጊደር የለኝም» አለ።

የሰማሁት ጮኾ ስለተናገረ ነው። አገሩ ሁሉ ቀና አለ።

«ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንዲት ጊደር የለኝም። ከገና ወዲህ በየማታው የሌለችኝን ጊደር ስፈልግ ነው የከረምሁት። ልጆቼ 'ወዴት ነው?' ሲሉኝ ዋሸኋቸው፤ ሚስቴን ዋሸኋት። ማታ ማታ እዚያ ሄጄ ካልቆምሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሩዙን ሌላ ቦታ እዘራለሁ፤ ይህን ግን ሌላ ቦታ አላገኘውም።»

ልጄ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! «የኔም ጊደር አልጠፋችም!» አለ አንዱ። «የኔም በረት ውስጥ ነበረች!» አለች ጸሐይነሽ። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሣ ጊደሩን አገኛት። ሴቶቹ እልል አሉ። መጨረሻ ላይ ቄስ ደሞዝ መቋሚያቸውን ተደግፈው «እንግዲህ እኔም ጠበል ልቀዳ እያልሁ የሄድሁት...» ብለው ሳይጨርሱ ሳቁ ዋርካውን አናወጠው። ጠጠሩን ልጆች ወስደው ተጫወቱበት። ለማናዬ ልጆች ከወዲያ ማዶ ካለው ከወል መሬቱ እንዲታሰብላቸው ተስማማን፤ ይህም ተገቢ ነው።

መንገዱን የሚጠብቅ ማኅበር እዚያው ተቋቋመ፤ መሪ ይፈልጋል። እኔ ስምሽን አልጠራሁም፤ የጠራው ማናዬ ነው። ምን ብለሽ እንደመለስሽላቸው አሁን ንገሪኝ። ምንም ቢሆን እችለዋለሁ።

አጎትሽ ገሰሰ

———

አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ገሰሰና ለእትዬ ገላነሽ።

እያለቀስሁም እየሳቅሁም ነው የምጽፈው፤ ቀለሙ ቢፈስ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መልሴን የጻፍሁላቸው በሆሣዕና ዋዜማ ነው፤ መንገዱ ይቁም ሩዝ ይሁን ሳላውቅ። «ስላሰባችሁልኝ ቦታ አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን አገሬ እገባለሁ» አልኋቸው። ያን ጊዜ ብነግርዎ ኖሮ እዚያ ዋርካ ሥር ስለ እኔ ይጨነቁ ነበር። በይሉኝታ እንዳልመጣም ፈትተውኛል፤ «ለእኔ ብለሽ አትምጪ» ያሉኝን ሳነብ ነው ልቤ የቆረጠው። ዕጣ ተጥሎበት ቢሆን እንኳ መጥቼ ሩዝ አርም ነበር።

ኃላፊዬ የምለቅበትን ምክንያት ጻፊ ሲለኝ ብዙ አሰብሁ። «ጊደር ጠፍታብኝ» ብዬ ልጽፍ ትንሽ ነው የቀረኝ።

በምን ትመጫለሽ ካላችሁ፣ ግንቦት 19 ቀን ቅዳሜ ጠዋት ከታደለ ጋር ወረታ እገባለሁ። ሻንጣዬን ባጃጅ በዋናው መንገድ ያድርስልኝ። እኔ ግን ዞሬ፣ በጣና ዳር፣ በተዘቀዘቀው አኻያ ሥር በእግሬ ነው የምመጣው። ብዘገይ አትስጉ፤ አግዳሚው ላይ አረፍ እላለሁ። ማናዬ ካገኘኝ «ምን ጉዳይ ነው ልጄ?» ማለቱ አይቀርም።

«ምንም» እለዋለሁ።

ልጃችሁ ሉሊት